ለወይን ቅጠል የተላኩ ሽማግሌዎች

በአረቦቹ ከተማ በቤት ጃላ የወይን ቅጠል አስፈቅዶ የሚቀጥፍ ሰው የለም። ብርዱ አልፎ ቅጠሉ የሕፃን መዳፍ ሲያክል፣ አንዷ ቅርጫቷን አንጠልጥላ ጎረቤቷ ግቢ ትገባና የሚበቃትን ትቀጥፋለች። ባለቤቲቱ በመስኮት ካየቻት «ከወደ ጥግ ያለውን ውሰጂ፣ እሱ ይለሰልሳል» ትላታለች እንጂ ሌላ ነገር የለም። «ልቅጠፍ ወይ?» ብሎ መጠየቅማ ስድብ ነው። «ምን ብበድልሽ ነው እንዲህ ያራቅሽኝ?» ተብሎ ሳምንት ያስኮርፋል።

ዋዲዓ ሃምሳ ስምንት ዓመት የኖረችው በዚህ ሕግ ነው። ችግሩ ሕጉ ባሕር አይሻገርም፤ እሷ ግን ተሻግራለች።

ቺሌ የገባችው ቤት ጃላ የተያዘችበት ጦርነት ባለፈ በሰባተኛው ወር ነው። ላ ካሌራ በምትባለው ከተማ ልጇ ሚትሪ ስድስት ዓመት ሙሉ ጨርቅ ሲሸጥ ኖሯል። የመንገድ ዳሩ ክፍል ሱቁ፣ ከኋላ ያሉት ሁለቱ ክፍሎች ቤቱ ናቸው። ሁሉንም ያከራዩት ዶኛ፣ ማለትም ወይዘሮ፣ ኤርሜሊንዳ የሚባሉ የሰባ ዓመት ባልቴት ናቸው፤ እሳቸውም እዚያው ግቢ ውስጥ ከማዶ ይኖራሉ። በሁለቱ ቤት መሃል፣ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር የሸፈነ የወይን ዳስ አለ። ከዳሱ ሥር አንድ የገመድ ወንበር አለ። ከሰዓት በኋላ ዶኛ ኤርሜሊንዳ እዚያ ላይ ይቀመጣሉ፣ ከማንም ጋር አያወሩም።

ዋዲዓ ለመቅረት አልመጣችም። ቤት ጃላን የያዙት ወታደሮች ስትወጣ አንድ ወረቀት ሰጥተዋታል፤ ዓመት ሳይሞላ ከተመለሰች የድንበሩን ድልድይ ታልፋለች፣ አንድ ቀን ካሳለፈች ግን በሩ ተዘጋ ማለት ነው። «ልጄን አይቼ፣ የልጅ ልጆቼን ስሜ እመለሳለሁ» ብላ፣ ቤቷን ቆልፋ፣ ዶሮዎቿን ለባሏ እህት ለነጅመ አደራ ሰጥታ ወጣች። የመመለሻዋም የመርከብ ትኬት ተቆርጧል፤ በታኅሣሥ መጀመሪያ ከቫልፓራይሶ ወደብ። በከተማው ያሉ የቤት ጃላ ልጆች ሁሉ ይህን ስለሚያውቁ ገና ከአሁኑ ደብዳቤና የሹራብ ጥቅል ያመጡላት ጀምረዋል። «ይቺን ለእህቴ»፣ «ይቺን ለአክስቴ፣ ካለች»።

ሚትሪ ታዲያ የመርከቡ ነገር ሲነሳ «ቅሪ» አይላት፣ «ሂጂ» አይላት። እሷም እንደሱው ነች። ብትሄድ ልጇን ሁለተኛ አታይም፣ ከጦርነቱ በፊት የወጣን ሰው ወታደሮቹ አያስገቡም፤ ብትቀር ባሏ ጃብራ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በገዛ እጁ ድንጋዩን ጠርቦ የሠራላትን ቤት አታይም። መሃል የሚባል ነገር የለም። ጠዋት ስትነሳ «እሄዳለሁ» ትላለች፤ ትንሹ የልጅ ልጇ እግሯ ላይ ሲወጣ «እንዴት አድርጌ?» ትላለች። አሥር ወር እንዲህ አለፈ።

አገሩም እንደሆነ ግራ ነው። በብርድ ተነስታ በሙቀት ገባች። ፋሲካ ሲደርስ የወይኑ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ሲረግፍ አየችና «እዚህ አገር ሁሉን ነገር የሚጀምሩት ከመጨረሻው ነው» አለች። ምራቷ አፊፈ ሳቀችባት። «ትለምጂዋለሽ እማማ። እኔ እስካሁን በሐምሌ ካፖርት ስለብስ ሰው የታዘበኝ ይመስለኛል።»

ከዚያ ጥቅምት መጣና ወይኑ አቆጠቆጠ። ኅዳር ሲገባ ዳሱ በሙሉ ለመለመ። ዋዲዓ አንድ ጠዋት ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ቀና ስትል፣ ፀሐይ በቅጠሉ ውስጥ አልፋ ያንን ቢጫ የሚያጠቃውን አረንጓዴ ስታበራው አየች፤ እጇ ላይ ያለውን አንሶላ ረሳችው። የቤት ጃላ ፀደይ ነው! ያው ሽታ፣ ያው ቅጠል፣ ጫፉ ላይ ያው ቀይ ክር። ጃብራ የድንጋይ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ «ዘንድሮ ወይኑ ሳይሆን ቅጠሉ ነው የሚያጠግበን» እያለ ሲያላግጥባት ትዝ አላት። ከፋሲካ በኋላ ሴቶቹ በሙሉ በአንድ ግቢ ተሰብስበው፣ ጉልበታቸው ላይ ትሪ አስቀምጠው፣ ሩዝና ሥጋ በቅጠሉ ሲጠቀልሉና ሰው ሲያሙ የሚውሉበት ቀን ትዝ አላት። አንዱ ጥቅልል ከትንሽ ጣት ከወፈረ ጠቅላይዋ አለቀላት፤ እስከ ዓመቱ መሳቂያ ነች። የዋዲዓ ግን እንደ ክር ቀጭን ነበር። አማቷ እንኳ፣ ያቺ ምስጋና እንደ ደም የምትሰስት ሴትዮ፣ አንድ ጊዜ «እጅሽ ይባረክ» ብላታለች።

ዶኛ ኤርሜሊንዳ ያን ቀን እህታቸው ዘንድ ሄደዋል። ዋዲዓ ቅርጫት ይዛ፣ ወንበር ላይ ቆማ ጀመረች። ሥራውን ታውቃለች፤ ከጫፉ ሦስተኛውንና አራተኛውን ቅጠል ብቻ፣ ዘለላ ላይ የሚያጠላውን ፈጽሞ አትነካም። በደንቡ ብትሄድ ኖሮ ማንም ልብ አይልም ነበር። ግን አንዱ ድስት ከሞላ በኋላ ሐሳብ መጣባት። እሷ ስትሄድ ማን ይጠቀልልላቸዋል? በጨው ውሃ አድርጋ በብልቃጥ ብታስቀምጥላቸው ዓመት ሙሉ ይበላሉ፤ በበሉ ቁጥር ያስታውሷታል። ስለዚህ ደንቡን ጣሰች። አንድ ብልቃጥ፣ ሁለት፣ ሦስት። ለስላሳው ቅጠል ያለው ደግሞ ከገመዱ ወንበር በላይ ነበርና እዚያ ጋ ጨከነችበት። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለሷ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሩዙና ሥጋው ተጠቅልሎ ድስቱ ሲንተከተክ፣ ከግቢው ጩኸት ተሰማ። ሚትሪ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከሱቁ ሮጦ ወጣ። ዶኛ ኤርሜሊንዳ ባርኔጣቸውን እንኳ ሳያወልቁ ወንበሩ አጠገብ ቆመዋል። ፀሐይዋ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላለች።

«ምን ዓይነት ተባይ ነው እንዲህ የሚያደርገው?» አሉ።

ሚትሪ ቀና ብሎ አየ፣ ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት አየ፣ ከዚያ ፊቱ ደም ለበሰ። «ዶኛ ኤርሜሊንዳ፣ እናቴ ነች… እኛ አገር ይበላል።»

«ቅጠሉ?»

«ቅጠሉ።»

«ቅጠሌን በሉት? ለሰው ያከራየሁ መስሎኝ ለፍየል ነው ያከራየሁት!» ወደ ባዶው ሐረግ ጠቆሙ። «እናንተ ቱርኮች! ስድስት ዓመት አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተናገርኳችሁም። አንድ ቀን ዞር ብል ቤቴን ትመነጥራላችሁ? እስከ ወሩ መጨረሻ ልቀቁልኝ። ሱቁንም፣ ቤቱንም።»

ዋዲዓ ከተባለው አንድ ቃል አልገባትም፤ ግን ቁጣ አስተርጓሚ አይፈልግም። ሚትሪ ገብቶ ነገራት። ሱቁ ከተዘጋ ደንበኞቹ ሁሉ ይበተናሉ፤ በዚያ መንገድ ላይ ሌላ ባዶ ሱቅ የለም። ስድስት ዓመት የለፋበት በአንድ ድስት ጥቅልል ሊሄድ ነው።

«ምን ነበር ብትጠይቂ እማ? አንድ ቃል!»

«ጎረቤት አይደለችም እንዴ? ጎረቤት ቅጠል ይጠየቃል?»

«እዚህ ይጠየቃል! እዚህ ሁሉ ነገር ይጠየቃል!»

አፊፈ ድስቱን ከእሳት አወረደች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን የከፋው ሰው የሚናገረውን ተናገረች። «አንቺማ መርከብሽ አለልሽ እማማ። ጎዳና የምንወድቀው እኛ ነን።»

ይቺ ቃል ዋዲዓ ሆድ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። የዚያን ቀን ጥቅልሉን ማንም አልበላውም። ዋዲዓ አንዱን አንስታ ቀመሰች። እንደ ቤት ጃላው ነበር፤ እሱ ነው ይበልጥ ያናደዳት።

በማግስቱ ነጠላ ጫማዋን በደህናው ጫማ ለውጣ ሚትሪ ፊት ቆመች። «ሽማግሌ እንልካለን።»

«ለቅጠል?»

«ለቅጠል አይደለም፤ ደጅ ደፍረናል። ሰው ሲበደል ሽማግሌ ይገባል፣ ይቅርታ ይጠየቃል፣ ተበዳይ የፈረደው ይፈጸማል።»

«እማ፣ ይሄ ቤት ጃላ አይደለም። ሴትዮዋ ፖሊስ ነው የሚጠሩብን።»

«ይጥሩ። ፖሊስም ሽማግሌ ያከብራል» አለችና ወጣች።

አቡ ጅርየስ የከተማው የቤት ጃላ ልጆች ሁሉ አባት ናቸው። በወጣትነታቸው መርፌና ክር በሣጥን ተሸክመው ከመንደር መንደር እየዞሩ ጀምረው፣ ዛሬ ሁለት ፎቅ ያለው የጨርቅ መደብር አላቸው። ዋዲዓ የሆነውን ስትነግራቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«በቅዱሳችን በማር ኒቆላ! ከቱርክ አገዛዝ ሸሽተን መጥተን እዚህ አገር አረቡን ሁሉ ቱርክ አሉን፤ ይባስ ብሎ አሁን ፍየል ሆንን?»

«ይሳቁብኝ አቡ ጅርየስ። ግን ልጄ ጎዳና ሊወጣ ነው።»

ሳቃቸውን ዋጡ። በአገራቸው ልማድ የሚትሪ እናት ብለው ጠሯትና «ታውቂያለሽ ኡም ሚትሪ፣ ሽማግሌ ሆኜ ከሄድኩ ሠላሳ ዓመት አለፈኝ» አሉ። «እዚህ ሰው ሲጣላ ጠበቃ ነው የሚልከው። አባቴ በቤት ጃላ ያላስታረቀው ሰው አልነበረም። የኔ ልጆች ግን ሽማግሌ መላክ ምን እንደሆነ እንኳ አያውቁም።» ከዚያ ተነስተው ስልኩን ያዙ። የሚደውሉት እንደ ሠርግ ጠሪ በደስታ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰባት ሽማግሌዎች፣ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው፣ በግቢው በር ተሰልፈው ገቡ። ሚትሪ ከኋላ አንገቱን ደፍቶ ተከተለ። ዋዲዓ በዳይ ስለሆነች በልማዱ መሠረት አልገባችም፤ በተከፈተው በር ትይዩ፣ ከዳሱ ሥር ቆመች።

ዶኛ ኤርሜሊንዳ በሩን ከፍተው ሰባቱን ጥቁር ልብስ ሲያዩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጫኑ። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም ዶኛ ኤርሜሊንዳ። እርስዎ ዘንድ ነው የመጣነው» አሉ አቡ ጅርየስ።

ሴትዮዋ የተናደዱ ቢሆኑም ሥርዓት ያልተማሩ አይደሉም። ሰባት ሽማግሌ በር ላይ አያቆሙም። ወንበር ሲያንስ የመኝታ ቤቱን ሣጥን ሳይቀር አመጡ። አምና ከዚያው ዳስ የጠመቁትን ጣፋጭ የወይን መጠጥ ቀድተው በየፊታቸው አስቀመጡ። ሰባቱም አመስግነው ብርጭቆውን ተቀበሉ፤ ሰባቱም ሳይቀምሱ ጠረጴዛው ላይ መልሰው አኖሩት።

ዶኛ ኤርሜሊንዳ ጠበቁ። ማንም አልነካም።

«ጠጡ እንጂ።»

አቡ ጅርየስ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ እንግዳ ክብርና ስለ ጎረቤት ፍቅር፣ ስለ አባቶችም መናገር ጀመሩ። በእውነት የሚያምር ንግግር ነበር፣ ግን ረዘመ። ሴትዮዋ ዓይናቸውን ከብርጭቆዎቹ ላይ አላነሱም። በመጨረሻ ብድግ አሉ።

«ባለፈው ቅጠሌን በላችሁ። ዛሬ ደግሞ ቤቴ ድረስ መጥታችሁ መጠጤን ትጸየፋላችሁ?»

ሰባቱም ሽማግሌዎች በአንድ ጊዜ ተንጫጩ። ሚትሪ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አቡ ጅርየስ ሁለት እጃቸውን አነሱ።

«ኧረ በፍጹም! እኛ ዘንድ ሽማግሌ ጉዳዩ እሺ ሳይባል የቀረበለትን አይቀምስም። ከጠጣንማ አልለመንም ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ከቤቴ ጀምሮ ጠምቶኛል።»

ዶኛ ኤርሜሊንዳ አንድ በአንድ አዩአቸው። «ስለዚህ እኔ ይቅር ካላልኩ ሰባት ሽማግሌ ሳሎኔ ውስጥ በጥም ይሞታል ማለት ነው?»

«እንደዚያ ነው ዶኛ።»

ከንፈራቸው ጥግ ላይ ሳቅ የሚመስል ነገር መጣና ጠፋ። ቁጭ አሉ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር፤ አቡ ጅርየስም ለዋዲዓ እንዲሰማ ጮክ እያሉ በአረብኛ ይመልሱት ጀመር።

«ይሄን ወይን የተከለው ባሌ ነው ይላሉ። ፌርሚን። ከሞተ ሦስት ዓመቱ። ወንበሩ የሱ ነበር። ስለ ፍሬው ግድ የለኝም ይላሉ፣ ፍሬውን ወፍ ቢበላው ምን ቸገረኝ። ጥላው ነው። ከሰዓት በኋላ ጥላው ውስጥ ስቀመጥ አጠገቤ ያለ ይመስለኛል። ባለፈው መጥቼ ሳይ ግን ፀሐይ ብቻ።»

ዋዲዓ ቀና ብላ ባዶውን ሐረግ አየች። ሰሞኑን ሙሉ «በቅጠል የምትጨቃጨቅ ክፉ ባልቴት» ስትላቸው ከርማለች። እሷ ራሷ ጃብራ ከሞተ ወዲህ የድንጋይ አግዳሚው ላይ፣ እሱ ይቀመጥበት የነበረውን ቦታ ትታ አይደል ዳር ላይ የምትቀመጠው? ሌላ ሰው ሲቀመጥበት አይደል ውሃ ቀጠነ ብላ የምታስነሳው? አፈረች።

«ይፍረዱ በሏቸው» አለች ከውጭ። «የፈረዱትን እቀበላለሁ።»

ዶኛ ኤርሜሊንዳ ብዙ አላሰቡም። ተናገሩ። አቡ ጅርየስ ወደ ዋዲዓ ዞሩ። የቀሩትም ስድስቱ እርስ በርስ ተያዩ። ሚትሪ ቀና አለ።

«ምን አሉ?» አለች ዋዲዓ።

«ገንዘብ አልፈልግም ይላሉ» አሉ አቡ ጅርየስ፣ ቃሉን እየጎተቱ። «ያራቆተችው እሷ ነች፣ እሷው ታልብሰው። ወይን እንደምታውቅ አይቻለሁ፣ ዘለላ ላይ ያለውን ቅጠል አልነካችም ይላሉ። ውሃ ታጠጣው፣ ፀሐይ እንዳያቃጥለው ጆንያ ታልብሰው። ከሰዓት በኋላም መጥታ ከኔ ጋር ትቀመጥ፤ ብቻዬን ፀሐይ ላይ አልቀመጥም። ከዚያ ሁሉም ይቀራል፣ ሚትሪም ሱቁ ውስጥ የፈለገውን ያህል ይኑር ነው የሚሉት።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ወይኑ ለቀማ። መጋቢት።»

የመመለሻ ፈቃድ ወረቀቷ የሚያልቀው በጥር ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ይህን የማያውቁት ዶኛ ኤርሜሊንዳ ብቻ ነበሩ።

አቡ ጅርየስ ወደ በሩ ጠጋ አሉ። «የመርከቡን ነገር ልንገራቸው ኡም ሚትሪ? ክፉ ሴት አይደሉም። ይተዉልሻል።»

ዋዲዓ በሐሳቧ የቤት ጃላ ቤቷን በር አየችው። ከደጃፉ የዝናብ ውሃ ጉድጓዱን፣ ባልዲ የሸረሸረውን የድንጋይ አፉን፤ ከግንቡ ወዲያ ወደ ሸለቆው ደረጃ በደረጃ የሚወርደውን የወይራ እርሻ፤ እሑድ የማር ኒቆላ ቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል ዶሮዎቹ የሚደነግጡትን። ሁሉን አየችው፣ ጥርት ብሎ፣ የቆመችበት ያህል። እዚያ አሁን ወይኑ ቅጠሉን አርግፏል። በመጋቢት ይገረዛል። ነጅመ ደግሞ መግረዝ አትችልም፤ ታበላሸዋለች።

«ልንገራቸው እንጂ!» አለ ሚትሪ ብድግ ብሎ። «ዶኛ ኤርሜሊንዳ፣ እናቴ…»

«ዝም በል አንተ!» አለች ዋዲዓ። ልጇን እንዲህ ከተቆጣችው ሃያ ዓመት አልፏታል። «ሽማግሌ ልኬ፣ ይፍረዱ ብዬ፣ የተፈረደውን ልሸራርፍ? እሺ ብላለች በሏቸው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አቡ ጅርየስ፣ ጠምቶኛል አላሉም? ይጠጡ!»

ሰባቱ ሽማግሌዎች ብርጭቆአቸውን አነሱ። ዶኛ ኤርሜሊንዳ እየሳቁ እንደገና ቀዱ፣ ሦስተኛም ቀዱ። መጠጡ ጣፋጭ ነው አሉ ሁሉም። ሲወጡ ግን ዋዲዓን ቀና ብሎ ያያት አንድም ሰው የለም። አቡ ጅርየስ ብቻ በአጠገቧ ሲያልፉ ባርኔጣቸውን አወለቁላት።

ሚትሪ ቆሞ ቀረ። «አንድ ቃል ነበር እኮ እማ። አንድ ቃል ብትናገሪ ይተዉሽ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

«ከተዉኝ እሄዳለሁ። ከሄድኩ ደግሞ አንተን በዓይኔ አላይህም።» የልብሷን ጫፍ ትፈትል ጀመር። «አሥር ወር ሙሉ አንዱን ምረጪ እያልኩ ራሴን ስለምነው ከረምኩ። አቃተኝ። ዛሬ ሌላ ሰው መረጠልኝ፤ እምቢ ማለት ፈራሁ።»

 ያ ከዶኛ ኤርሜሊንዳ በቀር ማንም የማይቀመጥበት የገመድ ወንበር አጠገቧ ነበር፤ አልተቀመጠችበትም፣ መሬቱ ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። ሰው ሲሞት እንደሚለቀሰው፣ ድምፅ አውጥታ፣ «ቤቴን፣ ወይኔ ቤቴን» እያለች። ሚትሪ አጠገቧ ተንበርክኮ እጇን ያዘ። አፊፈ ከወጥ ቤት ወጣች፤ የሆነውን ማንም ሳይነግራት ገባት፤ እሷም ያንን የመርከብ ቃሏን እያሰበች አለቀሰች።

ዋዲዓ ሲወጣላት ፊቷን በመሐረቧ ጠረገች።

«ሚትሪ።»

«አቤት እማ።»

«ነገ ሱቅህን ሳትከፍት በባቡር ወደ ቫልፓራይሶ ውረድ፤ ትኬቱን መልስ። ሳልነቃ በጠዋት ሂድ።» ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። «ረፋድ ላይ ከሆነ በሩ ላይ ቆሜ እከለክልሃለሁ።»